የሦስት ደቂቃ ተኩል ሥራ

ሰው በማያውቀው ነገር ቢሳሳት ብዙ አያፍርም፤ የሚያፍረው በሚያስተምረው ነገር የተሳሳተ ጊዜ ነው። እኔ በአንድ የክፍለ ሀገር ከተማ፣ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብና ፊዚክስ አስተምራለሁ። ከኮሌጅ ከወጣሁ ገና ሦስት ዓመቴ ነው። ተማሪዎቼን ዘወትር የምነዘንዛቸው ነገር ቢኖር ቁጥር ያለ መስፈሪያው ዋጋ የሌለው መሆኑን ነው። «መልሱ 12» ብለው ሲጽፉ «12 ምን? 12 በግ ነው ወይስ 12 ሜትር?» እያልሁ በቀይ ቀለም ግማሽ ማርክ እቀንሳለሁ። በ2016 ዓ.ም. በሰኔ ወር ግን ይኸው ግማሽ ማርክ ከእኔው ላይ ተቀነሰ፤ ያውም በሰው ፊት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በትምህርት ቤታችን መዝገብ ቤት ጥግ ላይ፣ ጨርቅ ተጥሎበት የተቀመጠ አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር ነበር። የተገዛው በ1980ዎቹ መጨረሻ ነው ይባላል። ድሮ ነጭ የነበረው ቀለሙ እንደ ቆየ ቅቤ ቢጫ ሆኗል፤ ሲከፈትም እንደ ወፍጮ ያጓራል። ለአሥር ዓመት ያህል የተማሪዎች ውጤት ሲመዘገብበት ኖሮ፣ አዳዲሶቹ ሲመጡ ተረሳ። በዚያ ሰኔ የንብረት ክፍሉ ክረምት ሳይገባ አሮጌ ዕቃ ይወገድ ብሎ ወሰነና፣ ሰኞ ጧት መኪና መጥቶ ከተሰባበሩት ወንበሮች ጋራ ሊጭነው ተቀጠረ።

ሐሙስ ዕለት አንዲት ሴት ወይዘሮ መጡ። ነርስ ናቸው፤ ከዚህ ትምህርት ቤት ትምህርታቸውን የጨረሱት በ1992 ዓ.ም. ነው። ለደረጃ ዕድገት የድሮ ውጤታቸው ስለ ተፈለገ፣ ከሚሠሩበት ወረዳ የአንድ ቀን መንገድ በአውቶቡስ ተጉዘው፣ እስከ ማክሰኞ ፈቃድ ይዘው ነው የመጡት። የመዝገብ ቤቷ ኃላፊ፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው ሴት፣ ትልልቆቹን መዝገቦች ቢያወጡ የ1991 እና የ1992 ጥራዞች ጣሪያው ባፈሰሰ ጊዜ ረጥበው ኖሮ፣ ቅጠሎቹ እርስ በርሳቸው እንደ ትኩስ እንጀራ ተጣብቀዋል። እትዬ ጥቂት ዝም አሉና በአገጫቸው ወደ ጥጉ እያመለከቱ «ያለው እዚያ ውስጥ ነው» አሉ።

«ታዲያ ከፍቶ ማየት ነዋ!» ይል ይሆናል አንባቢ። እኛም እንዲሁ ብለን ነበር። ነገር ግን የውጤት መዝገቡ ፕሮግራም የይለፍ ቃል ይጠይቃል፤ ቃሉን የሚያውቁት ሰው ጡረታ ወጥተው ከከተማው ከሄዱ ቆይተዋል። ፋይሎቹ ግን አንድ በአንድ ይታያሉ፤ መቅዳትም ይቻላል። የፋይሎቹ ስም በምሕጻርና በቁጥር የተጻፈ በመሆኑ የትኛው የየትኛው ዓመት እንደ ሆነ ለይቶ ማወቅ ስላልተቻለ፣ ሁሉንም ወደ እኔ ላፕቶፕ ለማሻገር ተስማማን። ዲሬክተራችንም «ዛሬ እኚህ መጡ፤ ነገ ሌላ ሰው ይመጣል፤ አንዲትም እንዳትቀር» አሉ።

መሻገሪያው ምንድን ነው? ማሽኑ የፍላሽ መሰኪያ የለውም። የዲስኬት ማንበቢያው አቧራ በልቶት ሞቷል። ዲስኩን ከውስጡ ፈትቶ ማውጣት ከሁሉ የቀለለ ነበር፤ ነገር ግን በሳጥኑ ላይ የንብረት ክፍል ማኅተም ተለጥፎበታል፤ ያን ማኅተም ለማንሣት ደግሞ ኮሚቴ መሰብሰብ አለበት። ኮሚቴ እስኪሰበሰብ ሰኞ አይደለም ዘመን መለወጫ ይደርሳል። የቀረው ከበስተኋላው ያለችው ዘጠኝ እግር ያላት ሴሪያል መሰኪያ ብቻ ናት። ለእርስዋ የሚሆነውን የዩኤስቢ መለወጫ አንድ የኮሌጅ ጓደኛዬ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ላከልኝ። ገመዱን ከስልክ ሽቦ ራሴ በየድኩት።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ዲሬክተራችን ሥራው ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ ጠየቁኝ። ፋይሎቹ በጠቅላላው 24 ሜጋባይት ናቸው፤ የመሰኪያዋ ከፍተኛ ፍጥነት 115,200 ነው። 24,000,000ን ለ115,200 ሳካፍል 208 ሰከንድ መጣ። «ሦስት ደቂቃ ተኩል ነው፤ አምስት ይበሉት» አልሁ፤ እንዲያውም ይህን ስናገር እጄን ኪሴ ከትቼ ነበር መሰለኝ። እሳቸውም ደስ ብሏቸው ወይዘሮዋን ቅዳሜ በ8 ሰዓት ቀጠሩልኝ።

ቅዳሜ በ8 ሰዓት ጀመርሁ። በአምስተኛው ደቂቃ የገባው ከምንም አይቆጠርም። በአሥረኛው ደቂቃ የስሕተት ቁጥር በመስኮቱ ላይ ይደረደር ጀመር። ወይዘሮዋ ነጠላቸውን አጣፍተው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ አንድም ነገር አልተናገሩም። ያ ዝምታ ከቁጣ ይልቅ ከበደኝ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ተነሥቼ ነገ እንዲመለሱ ለመንኋቸው። «ግድ የለም፣ መምህር፤ ማሽን እኮ ነው» አሉኝ። ጥፋቱ የማሽኑ እንዳልነበረ ያን ጊዜ ገና አላወቅሁም።

ማታ ቤቴ ገብቼ በአንድ የተማሪ ደብተር ጀርባ ላይ ሒሳቡን እንደ ገና ጀመርሁት። ለካስ በአንድ መስመር ውስጥ ሦስት ስሕተት ሠርቻለሁ።

የመጀመሪያው ሕፃን የሚያውቀው ነው። 115,200 የተባለው በቢት ነው፤ እኔ ያካፈልሁት ባይት ነው። ቢት ማለት አንድ አዎን ወይም አይደለም፣ መብራቱ በርቷል ወይም ጠፍቷል ማለት ነው። ስሙን ያወጣለት ጆን ቱኪ የተባለ አሜሪካዊ ሲሆን፣ በጽሑፍ ያስተዋወቀው ክሎድ ሻነን እ.ኤ.አ. በ1948 ነው። ባይት የሚለውን ቃል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1956 የአይቢኤሙ ቨርነር ቡክሆልዝ ፈጠረው፤ ዛሬ ስምንት ቢት ማለት ነው። በላቲን አጻጻፍ ትንሹ «ቢ» ቢትን፣ ትልቁ «ቢ» ባይትን ያመለክታል፤ የአንዲት ፊደል ቁመት ስምንት እጥፍ ልዩነት ታመጣለች ማለት ነው። አንድ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚሠራ ወዳጄ «ለ8 ሜጋ ኢንተርኔት እከፍላለሁ፤ ፋይል ሳወርድ ግን በሰከንድ ከ1 ሜጋ አያልፍም፤ ተበላሁ!» እያለ ዘወትር ይማረራል። አልተበላም። መስመር የሚሸጠው በቢት ነው፤ ፋይል የሚመዘነው በባይት ነው፤ 8 ለ8 ሲካፈል 1 ነው። ይህን ሳስረዳው የሳቅሁበትን ሳቅ ቅዳሜ ማታ አስታውሼ አንገቴን ደፋሁ።

ሁለተኛው ስሕተት ግን የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው፤ ለእኔም ከሁሉ ይልቅ የጣመኝ እርሱ ነው። «ለ8 ይካፈላ!» ብዬ ልጨርስ ስል ትዝ አለኝ፤ በሴሪያል ገመድ ላይ የሚካፈለው ለ8 አይደለም፣ ለ10 ነው። ሁለቱ ማሽኖች የጋራ ሰዓት የላቸውም። ስለዚህ ላኪው እያንዳንዱን ባይት ከመላኩ በፊት «ልጀምር ነው» የሚል አንድ የመነሻ ቢት፣ ከላከ በኋላ ደግሞ «ጨረስሁ» የሚል አንድ የማቆሚያ ቢት ይጨምራል። ደብዳቤ ስንልክ ፖስታውም ከወረቀቱ ጋራ እንደሚመዘን ያለ ነው። ስምንቱ ዕቃ ነው፤ ሁለቱ መጠቅለያ ነው። 115,200 ለ10 ሲካፈል በሰከንድ 11,520 ባይት ይሆናል።

ይህ ልማድ የመጣው ከቴሌፕሪንተር ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 የወጣው ሞዴል 33 ቴሌታይፕ ሁለት የማቆሚያ ቢት ስለ ነበረው ለአንድ ፊደል 11 ቢት ይፈጅ ነበር። ፍጥነቱ 110 ስለ ሆነ በሰከንድ ልክ 10 ፊደል ይመታ ነበር ማለት ነው። 110 የሚለው ጎደሎ የሚመስል ቁጥር ከየት እንደ መጣ ኮሌጅ ሳለሁ ማንም አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም፤ በቃሌ ያዝሁት እንጂ። ያንን ሌሊት ሲገባኝ ብቻዬን ሳቅሁ።

እግረ መንገዴን ስለ «ባውድ» አንድ ቃል ልበል። ብዙ ሰው፣ መጻሕፍትም ጭምር፣ ባውድንና ቢት በሰከንድን አንድ አድርገው ይጽፏቸዋል። ስሙ የመጣው ከኤሚል ቦዶ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1874 ለቴሌግራፍ ባለ አምስት ምልክት ኮድ ያወጣ ፈረንሳዊ ነው። ባውድ የሚቆጥረው በገመዱ ላይ ያለው ምልክት በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚለዋወጥ ነው። በአንድ ለውጥ አንድ ቢት ብቻ ከተላከ ሁለቱ ይገጥማሉ፤ በእኔ ገመድም ይገጥማሉ። በስልክ ሞደም ግን እንዲህ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣው ባለ 2,400 ቢት ሞደም በስልኩ መስመር ላይ የሚለዋወጠው በሰከንድ 600 ጊዜ ብቻ ነው፤ ነገር ግን በያንዳንዱ ለውጥ አራት ቢት ያሸክመዋል። ጋሪው አንድ ነው፤ ጭነቱ አራት ነው። ስለዚህ ያን ሞደም «ባለ 2,400 ባውድ» የሚል ሰው ጋሪውንና ኩንታሉን አደባልቋል።

ሦስተኛው ስሕተት በ«ሜጋ» ላይ ነው። ገበያ የወረደ ሰው ቁና በሁለት መንገድ እንደሚሰፈር ያውቃል፤ አፉ ላይ ተገድፎ ወይም ተቆልሎ። ሻጭ ሲሰፍር ይገድፋል፤ ገዢ ሲሰፈርለት ይቆለልልኝ ይላል። ኪሎም በኮምፒዩተር መንደር እንዲሁ ነው። በመስመር ላይ፣ ማለት በቢት በሰከንድ ሲነገር፣ ኪሎ ምንጊዜም የተገደፈ ነው፤ 1,000 ነው። ማሽኑ ስለ ፋይል መጠን ሲነግረን ግን ብዙውን ጊዜ የተቆለለውን ይይዛል፤ ሁለትን በራሱ አሥር ጊዜ ያባዛና 1,024 ይላል። ቁልሉ በኪሎ ላይ 2.4 በመቶ ነው፤ በሜጋ ላይ ወደ 4.9፣ በጊጋ ላይ ወደ 7.4 በመቶ ያድጋል። ይህን የሚያስታርቅ አዲስ ስም፣ ኪቢባይትና ሜቢባይት የሚል፣ እ.ኤ.አ. በ1998 በዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን ወጥቶ ነበር፤ ነገር ግን ገበያው እስከ ዛሬ በድሮው ስም ነው የሚጠራው።

ከዚህም የባሰ አለ። ስንቶቻችን የያዝናት ባለ 1.44 ሜጋባይት ዲስኬት የተገደፈም የተቆለለም አይደለችም። በሁለት ፊቷ 80 80 መስመር አላት፤ በያንዳንዱ መስመር 18 ክፍል፣ በያንዳንዱ ክፍል 512 ባይት። ሲባዛ 1,474,560 ነው። ይህ በተገደፈው ሜጋ 1.47፣ በተቆለለው 1.41 ገደማ ነው። 1.44 የሚመጣው 1,000ን በ1,024 አባዝተን «ሜጋ» ብንለው ብቻ ነው፤ ግማሽ ተገድፎ ግማሽ ተቆልሎ ማለት ነው። ተማሪ እንዲህ ያለ መልስ ቢያመጣልኝ ማርኩን ሁሉ በከለከልሁት ነበር። ሲዲን ያነሣን እንደ ሆነ፣ «አንድ እጥፍ» የሚባለው ፍጥነት በሰከንድ 75 ክፍል ማንበብ ነው፤ ክፍሉ 2,048 ባይት ስለ ሆነ 153,600 ባይት ይመጣል፤ ይህም በተቆለለው 150 ኪሎባይት ነው። «52 እጥፍ» የሚል ጽሑፍ በማንበቢያው ላይ ያየ ሰው በዚህ አባዝቶ ያግኘው፤ ያም ቢሆን ማንበቢያው ከዲስኩ ጠርዝ ሲደርስ ብቻ ነው።

ወደ ሥራዬ ልመለስ። የእኔ 24 ሜጋባይት የተቆለለ ነበር፤ 25,165,824 ባይት። ይህን ለ11,520 ባካፍለው 36 ደቂቃ ተኩል ገደማ ሆነ። ለዚህም ቢሆን በደስታ እስማማ ነበር፤ ነገር ግን በስልክ ሽቦ የተሠራው ገመዴ ያን ፍጥነት አልቻለም። የስሕተቱ ድርድር ከዚያ ነበር የመጣው። እሑድ ጧት ማልጄ ሄጄ 57,600፣ 38,400፣ 19,200 እያልሁ ወደ ታች ወረድሁ። ያለ አንዲት ስሕተት ያለፈው በ9,600 ብቻ ነው። 9,600 ለ10 ሲካፈል በሰከንድ 960 ባይት። 25,165,824 ለ960 ሲካፈል 26,214 ሰከንድ፤ 7 ሰዓት ከ17 ደቂቃ። የመላኪያው ደንብ ለቁጥጥር የሚወስደውን ስጨምርበት 7 ሰዓት ተኩል አልሁ። የሦስት ደቂቃ ተኩሉ ሥራ እንግዲህ ይኸው ነው። ፋይሎቹን ማመቅ ጊዜውን ያሳጥር ነበር፤ ነገር ግን ዲስኩ ቀጭ ቀጭ ማለት ጀምሮ ስለ ነበር አንዲት ነጥብ እንኳ ልጽፍበት አልደፈርሁም።

ጧት በ4 ሰዓት ጀመርሁ። ዘበኛችን በ12 ሰዓት በር ይቆልፋሉ። ወይዘሮዋም መጡ፤ ይህን ጊዜ ግን «አምስት ደቂቃ» አላልሁም፤ በወረቀት ላይ 11 ሰዓት ተኩል ብዬ ጽፌ ሰጠኋቸው። እትዬ ቤታቸው ቅርብ ስለ ሆነ ወስደው ምሳ አበሏቸው። እኔ ቁጥሩ ሲያድግ እየተመለከትሁ፣ በየሰዓቱ ከሒሳቤ ጋራ እያስተያየሁ ዋልሁ። ይገጥማል! አንድ ሰው ሌሊት በደብተር ጀርባ የጻፈው ቁጥር ቀን በዓይኑ ፊት ሲፈጸም ማየት እንዴት ያለ ደስታ እንደ ሆነ ለማንም ማስረዳት አልችልም።

በ11 ሰዓት ከሩብ መብራት ጠፋ።

የእኔ ላፕቶፕ በባትሪው ቀጠለ፤ አሮጌው ግን አንድ ጊዜ አጓርቶ ዝም አለ። ከ800 ኪሎባይት በላይ ቀርቷል። ሜጋው የተገደፈው ቢሆን ኖሮ ያን ጊዜ ጨርሰን ነበር፤ ያቺ ቁልል ሃያ ደቂቃ ያህል ጨመረችብን። ወይዘሮዋና እትዬ ከቡና ተነሥተው መጥተው በር ላይ ቆሙ። የቀረው ፋይል የእርሳቸው ይሁን የሌላ ሰው ማወቂያ የለኝም። ዘበኛው ጋሼ ቁልፋቸውን እያንቀጨለጩ መጡ። «ጋሼ፣ እባክዎ ትንሽ ይታገሡኝ» አልኋቸው። «አንተ ልጅ፣ ትናንት አምስት ደቂቃ አላልህም ነበር?» አሉኝ። ወሬው እሳቸው ዘንድም ደርሷል።

በ11 ሰዓት ከ40 መብራቱ መጣ። አሮጌው ማሽን ያለ ወጉ ስለ ጠፋ ዲስኩን ልመርምር ብሎ ጥቂት ደቂቃ በላ፤ ቀጭ ቀጭ ሲል ሁላችንም ትንፋሻችንን ያዝን። ተነሣ። የምንጠቀምበት መላኪያ ዚሞደም ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1986 ቸክ ፎርስበርግ የተባለ አሜሪካዊ የሠራው ነው። ደግነቱ መስመር ሲቋረጥ ከመጀመሪያው አይጀምርም፤ ካቆመበት ይቀጥላል። 12 ሰዓት ሆነ። ጋሼ አግዳሚው ላይ ተቀመጡና «ቁልፉም የኔ ነው፤ ሰዓቱም የኔ ነው፤ ጨርስ» አሉኝ። ጥቂት ቆይቶ የመጨረሻው ባይት ገባ።

ፋይሎቹን ስከፍት ሌላ ጉድ ጠበቀኝ። ስሞቹ በአማርኛ የተጻፉት በድሮ የፊደል ፕሮግራም ኖሮ፣ በእኔ ማሽን ላይ የላቲን ጭረትና ነጥብ ሆነው ታዩ። የኢትዮጵያ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሠንጠረዥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ፕሮግራም ፊደላችንን በፈለገው ቁጥር ይመዘግብ ነበር። ቁጥሮቹ ግን ምንም አልሆኑም። ወይዘሮዋን የመታወቂያ ቁጥራቸውን ያስታውሱ እንደ ሆነ ጠየቅኋቸው። እንደ ጸሎት በቃላቸው ወጣላቸው። ስፈልገው ተገኘ፤ ፋይሉም ለካስ ከምሳ በፊት ገብቶ ኖሯል። እስከ 12 ሰዓት የተጨነቅንበት የሌላ ሰው ነው፤ የማን እንደ ሆነ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

ወይዘሮዋ በትከሻዬ ላይ ጎንበስ ብለው አነበቡ። «ሒሳብ 61?» አሉ። «67 ነበር እኮ! ለልጆቼ 67 እያልሁ ነው ያሳደግኋቸው።» ከዚያ ሁለት እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ፤ ዓይናቸው ግን ረጥቦ ነበር። እትዬ መነጽራቸውን አድርገው ቅጹን ዘረጉና እስክሪብቶውን አነሡ።

«ሒሳብ ስንት አልህ፣ መምህር?»

«61።»

«61 ምን?»

«61 ከ100» አልሁ፤ እሳቸውም ጻፉት።